የሽማግሌው ኳንግ ሻይ ያላበረደው እሳት

ሽማግሌው ኳንግ በዕድሜው ሁሉ የሚያውቀው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ እሳት። ጉሮሮህን ከረከረህ? እሳት ነው። ፊትሽ ላይ ብጉር ወጣ? እሳት ነው። እንቅልፍ እምቢ አለህ፣ ድድህ አበጠ፣ ሚስትህ ያለ ምክንያት ጮኸችብህ? ያው እሳት ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ከሁለቱ ቅል መሳይ የናስ ማሰሮዎቹ የሚቀዳው ጥቁር መራራ ሻይ። በከተማችን በጂያንግመን እንዲህ የሚያስብ እሱ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ከእናት ጡት ጋር የጠጣነው ነገር ነው። ሌላው ሰው ግን አንድ ሲኒ ጠጥቶ፣ ፊቱን አጨማዶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ኳንግ ሰባ ዓመት ሙሉ ከዚያች ሲኒ ውስጥ አልወጣም።

የእሱ ሻይ ቤትና የእኔ ልብስ ስፌት ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ወደድኩም ጠላሁም በቀን መቶ ጊዜ "ምላስህን አውጣ!" ሲል እሰማዋለሁ። ሰው ምላሱን ያወጣለታል፣ እሱ እንደ ዳኛ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይፈርዳል። በነፃ ያሰናበተው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሚስቱ በልብ ሕመም የሞተች ጊዜ እንኳ ለቅሶ ልደርስ ብገባ "የተጠበሰ ነገር ታበዛ ነበር" አለኝ። አስከሬኗ ገና ከቤት አልወጣም ነበር።

በራሱ ደም የሚኮራው ኩራት ደግሞ ለብቻው ነው። "የኳንግ ዘር ደሙ ቀዝቃዛ ነው" ይላል፣ ደረቱን መታ መታ እያደረገ። ከደጁ በላይ አባቱ የሰቀሉት ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ በወርቅ ቀለም "የመሥራቹን ሴት ልጅ ከእሳት ያዳነ ሻይ" ይላል። ያቺን የዳነች ልጅ ግን በመንገዳችን ላይ ያያት ሰው የለም። ልጅ ሳለሁ እናቴን የት እንዳለች ስጠይቃት "ዝም በይና ክርሽን አስገቢ" ነበር መልሷ። እውነቱን የነገረችኝ እሷ ራሷ ልትሞት ስትል ነው፤ እኔም ለማንም ሳልናገር ያዝኩት።

የኳንግ አንድ ልጅ ጂዪን የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ደግ ሰው ነው፣ ግን አባቱ አፉን በከፈተ ቁጥር ዓይኑ ጫማው ላይ ይተከላል። ያገባት ላንዥ የሁናን አገር ልጅ ናት፤ እዚያ ደግሞ በርበሬ የሌለበት ምግብ ምግብ አይባልም። ለኳንግ ይህ ቤቱ ውስጥ ክብሪት እንደ መግባት ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ጁንሂ ወንድ ሆኖ፣ ወፍሮና ጤነኛ ሆኖ ሲወለድ ምስጋናውን ለሻዩ ወሰደ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። ሙይሙይ አሏት፣ ትንሿ እህት ማለት ነው።

ሙይሙይ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ። ቀጥሎ ተቅማጥ፣ ቀጥሎ ትኩሳት መጣ። ከዚያ መቀመጫዋ አጠገብ እብጠት ወጥቶ ፈረጠ፣ አልድንም አለ። ምስኪኗ ዳይፐር በተቀየረላት ቁጥር የምትጮኸው ጩኸት የስፌት መኪናዬን ድምፅ ይውጠው ነበር። ኳንግ ምላሷን አየና ፈረደ።

ሙሉ ወር ሲሆናት እንደ ወጉ ቀይ እንቁላል ታደለ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ኳንግም በሰው ሁሉ ፊት የምራቱን ወተት ከሰሰ።

"የዚች ሴት ወተት ነዳጅ ነው" አለ። "ልጅቷን እያቃጠላት ያለው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጡት የለም፤ ዱቄት ወተትና የእኔ ሻይ ብቻ።"

"አባባ፣ ከወለድኩ ጀምሮ በርበሬ በአፌ አልዞረም" አለች ላንዥ።

"ከወለድሽ ጀምሮ! ሠላሳ ዓመት የበላሽውስ የት ሄደ?"

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ጂዪን ጫማውን አየ። እኔ "አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ዘንድ ብትወስዷትስ?" አልኩ።

"አንቺ ቁልፍ ትከዪ። እሳቱ እየወጣ ነው የሚያስጮኻት።"

እኔም ቁልፌን ልተክል ሄድኩ። ቀይ እንቁላሌን ልጬ በልቼ ሄድኩ። ስለ ኳንግ የምናገረውን ሁሉ ስናገር ይህችን እንዳልረሳት እፈልጋለሁ፤ ራሴን የምንቅባት ቀን ናት።

እናም ሰውዬው የአንድ ወር ሕፃን በማንኪያ ሻይ ይግታት ጀመር። ጠዋት ሦስት ማንኪያ፣ ከሰዓት ሦስት ማንኪያ። እሷ ትተፋለች፣ እሱ ይመልስባታል። ላንዥ ጡቷ ሞልቶ እያመማት እጓዳ ገብታ ታልበውና ትደፋው ነበር። የሰፈሩ ሐኪም ሁለት ጊዜ የአንጀት መድኃኒት ሰጣት፤ ምንም አልፈየደም። አልፈየደም ሲባል ኳንግ ልቡ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

በሦስት ወሯ ላንዥ ልጅቷን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ለሙሉ ወሯ የሰፋሁላትን ቀሚስ አልብሳታለች። ቀሚሱ ያኔ ልክክ ያለ ነበር፤ አሁን ከትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል። ሜትሬን አውጥቼ ደረቷን ለካሁ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፣ ሕፃን ልጅ ወደ ኋላ ስታድግ አይቼ አላውቅም።

"ላንዥ፣ ይቺ ልጅ እየሞተች ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ አክስቴ።"

በማግስቱ ጠዋት ለኳንግ ሳንነግረው ጓንግጁ ወዳለው ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል ሄድን። ጂዪን ሥራውን ትቶ አብሮን መጣ፤ ይህን ስላደረገ ብዙ ነገር ይቅር ብዬዋለሁ። ዶክተር ሼ የምትባል ቀጭን ወጣት ሴት ልጅቷን ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ። እዚያው አስተኛቻት፣ የሦስቱንም ደም ወሰደች፣ ላንዥን ደግሞ "ያንቺ ወተት ምንም አላደረጋትም" አለቻት። ላንዥ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች።

ውጤቱ በደረሰ ቀን ኳንግም ተገኘ። ጁንሂን በአንድ እጁ፣ ሻይ የሞላ ፔርሙስ በሌላው ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ዶክተር ሼ አስቀምጣ አስረዳችን።

"ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት ይቆጣል" አለች። "መቆጣቱ ደግ ነው፣ የሚያድነን እሱ ነው። ሲበቃ ግን 'በቃ፣ ተው' የሚል መልእክት ይተላለፋል። የሙይሙይ ሰውነት መልእክቱን ይልካል፤ የሚሰማበት ጆሮ ግን የለውም። ጆሮውን የሚሠራው ዘረ-መል ከእናቷም ከአባቷም ተበላሽቶ ነው የደረሳት። ስለዚህ ቁጣው አይቆምም፣ አንጀቷ ራሱን ሲያቃጥል ይውላል። ከአንዳቸው ብቻ ቢመጣ ኖሮ እንደ ወላጆቿ ጤነኛ ሆና ትኖር ነበር።"

"ከእኔም ነው ማለት ነው?" አለች ላንዥ።

"ካንቺም ነው። ጥፋት ግን አይደለም፤ ማንም መርጦ አይወስደውም።"

"እሺ" አለች ላንዥ። በቃ፣ እሺ ብቻ። የሰው ልጅ እውነት ሲነገረው እንዲህ ነው የሚቀበለው።

ኳንግ ግን ተነሳ። "ከእሷ ይሁን፣ ይገባኛል። ከልጄ ግን እንዴት ሆኖ? የእኛ ደም ቀዝቃዛ ነው! ከፈለግሽ የእኔንም ቅጂና እይው!" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ደስ ይለኛል፣ አባባ" አለች ዶክተሯ፣ ሳትቆጣ። "እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት፤ በቤተሰባችሁ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ነበር?"

"የለም።"

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። "እህትህ ሊንስ?" አልኩት።

ፔርሙሱን ጠበቅ አደረገ። "ሊን ድናለች። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።"

"የዳነችው ታዲያ የት ነው ያለችው? እስኪ በስልክ ጥራት! እናቴ ናት አጥባ የገነዘቻት። አፏ ቆስሎ፣ መቀመጫዋ ቆስሎ፣ በአራት ወሯ ነው የሞተችው። አባትህ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሻይ ያጠጧት ነበር። ሰሌዳውን ያሰቀሉት ከሞተች በኋላ ነው።"

ዶክተሯ ብዕሯን አንስታ ጻፈች። ኳንግ ደሙን ሰጠና ፔርሙሱን ወንበር ላይ ረስቶ ወጣ።

ለሙይሙይ የቀራት መንገድ አንድ ነበር፤ የራሷን መቅኔ በመድኃኒት አጥፍቶ በጤነኛ መቅኔ መተካት። አዲሱ መቅኔ የሚያበቅለው ሴል "ተው" ሲባል ይሰማል፣ ቁጣውም ይበርዳል። ተመረመሩ፤ የጁንሂ መቅኔ ልክ ሆኖ ተገኘ። ልጁን ሲጠይቁት "ያማል?" አለ፣ "ትንሽ" አሉት፣ "እሺ" አለ። የእናቱ ልጅ ነው።

አያቱ ሲሰማ አበደ። ሻይ ቤቱ መሃል ቆሞ እጁን አወናጨፈ።

"የወንድ ልጅ መቅኔ ሥሩ ነው! ሥሩን ቆርጣችሁ ለሴት ልጅ? አንድ የልጅ ልጅ ነው ያለኝ!"

"ሁለት ነው ያለዎት፣ አባባ" አለች ላንዥ። "የሚተካ ነገር ነው ተብሏል፣ በወሩ ይሞላል።"

"ሐኪም ሁሉን ይላል!"

ላንዥ አልተከራከረችም። የኳንግን የደም ውጤት የያዘውን ወረቀት በፖስታ አድርጋ እኔ ጋ አስቀመጠችው። "እኔ አልነግረውም፣ አክስቴ። ልጄ ትዳንና ያኔ ይድረሰው" አለችኝ። የልብስ ቁልፍ የማኖርበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሙይሙይ ስምንት ወር ሲሆናት የማጥፊያው መድኃኒት ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የለም፤ አዲሱ መቅኔ በቀኑ ካልደረሰ ልጅቷ ሟች ናት። ጁንሂ እስከዚያ ከአያቱ ጋር ጂያንግመን ቆይቶ ሐሙስ ወደ ሆስፒታሉ ሊሄድ ነበር። ሐሙስ ጂዪን ሊወስደው ቢመጣ ልጁ የለም።

"ገጠር ልኬዋለሁ" አለ ኳንግ፣ ማሰሮውን እየወለወለ። "ነገሩ ሲበርድ ይመጣል።"

"አባባ፣ የትኛው ገጠር?"

"ዘመድ ጋ።"

ይህን ያህል ጥፋት ሊሠራ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጉረኛ ነው ብዬ ነበር፣ ደደብ ነው ብዬ ነበር። የስምንት ወር ሕፃን ባዶ አጥንት ይዛ እንድትቀር የሚፈርድ ሰው ግን እንዲህ ተረጋግቶ ናስ ይወለውላል ብዬ አልጠበቅኩም። ጂዪን ዘመድ ወዳለበት መንደር ሁሉ ስልክ ይደውል ጀመር። የትም የለም።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ክር ስቀይር፣ በግድግዳው በኩል የማባዛት ሰንጠረዥ ሰማሁ። "ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ..." የልጅ ድምፅ ነው፣ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ካለው የቅጠል መጋዘን ነው የሚመጣው። ልጁ ብቻውን ተቆልፎበት የቤት ሥራውን ያጠናል!

ለጂዪን ደወልኩ። ፖስታውን ከመሳቢያ አወጣሁና ገባሁበት።

"ቁልፉን አምጣ" አልኩት።

"ሂጂ ወዲያ፣ ልብስሽን ስፊ።"

"ጁንሂን እሰማዋለሁ፣ ሰባትን እያባዛ ነው። ቁልፉን ካላመጣህ ግን አንድ ነገር አነብልሃለሁ።" ወረቀቱን ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁለት ደንበኞች ሲኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ። "ኳንግ ባክሳን፣ ወንድ፣ ሰባ ዓመት። የዘረ-መሉን አንድ ብልሹ ቅጂ ተሸካሚ። ሰማህ? አንተ ነህ! ከአንተ ወደ ጂዪን፣ ከጂዪን ወደ ሙይሙይ። ሊን ከእናትህም ከአባትህም ወስዳ ሞተች፤ አንተ አንዱን ብቻ ወስደህ ሰባ ዓመት ቆመህ ፎከርክ። ደምህ ቀዝቅዞ አይደለም፣ ዕጣ ደርሶህ ነው። አባትህ በሻይ ሊያድኗት አልቻሉም፣ አንተም አትችልም። ሁለተኛዋን ልትገድል ነው ወይ?"

እንደሚሰድበኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጂዪን እያለከለከ ሲገባም አልተንቀሳቀሰም። ጂዪን ያን ቀን ጫማውን አላየም፤ አባቱን ፊት ለፊት እያየ ከቀበቶው ላይ ቁልፉን ፈታ። ኳንግ እጁን እንኳ አላነሳም፣ አልሰጠውምም። ለዚህ አላመሰግነውም።

በሩ ሲከፈት ጁንሂ ደብተሩን ይዞ ወጣ። "አባ፣ ዘገየን?" ብሎ ብቻ ጠየቀ። አልዘገዩም።

ሙይሙይ ዳነች። ዳነች ስል በአንድ ቀን አይደለም፤ ሦስት ወር ሆስፒታል ተኛች፣ ፀጉሯ ረግፎ በቀለ፣ ቁስሏ ቀስ እያለ ከዳር ገጠመ። በሁለት ዓመቷ ቀሚስ ልሰፋላት ስለካት ሜትሬን ነክሳ ያዘችብኝ። ሩዝ ከዓሣ ጋር ጠግባ ትበላለች፣ ከእናቷ ሳህን ላይ ደግሞ በርበሬ ትሰርቃለች።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ኳንግ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሙይሙይን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ከማሰሮዎቹ በላይ ሰቀለ። ጉንጯ ሞልቶ ትስቃለች። ከሥሩ በቀይ ቀለም "በሦስት ትውልድ ሻያችን ከእሳት የዳነች" ይላል። የአባቱን ውሸት እንደገና ገልብጦታል።

ላንዥ ሥራ ውላ ስትገባ አየችው። አልጮኸችም። ወደ እኔ መጥታ የደም ውጤቱን ወረቀት ጠየቀችኝ፤ ወስዳ በፕላስቲክ አስለበጠችው፣ ከፎቶው ሥር በአራት ምስማር መታችው። ስሙ፣ ዕድሜው፣ ተሸካሚነቱ፣ ሁሉም ይነበባል።

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ ኳንግ። "ደንበኛ ያነበዋል!"

"ያንብበው። አባትዎ በጻፉት ሰሌዳ ላይ ያለችው ልጅ ሞታለች፣ አባባ። የእኔ ልጅ በሕይወት አለች። አንድ ሰሌዳ ላይ አያስቀምጧቸው።"

ወረቀቱ ሁለት ቀን ተሰቅሎ ዋለ። ሰው ሻዩን እየጠጣ ያነበዋል፣ ኳንግን ቀና ብሎ ያያል፣ እንደገና ያነበዋል። ምላሱን የሚያወጣለት ሰው ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን አወረደ። ወረቀቱን ግን አልነካውም። ቀጥሎ መሰላል አምጥቶ ከደጁ በላይ ያለውን የአባቱን ጥቁር ሰሌዳ አወረደና ጽሑፉን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በመላጊያ ላገው። መልሶም ሰቀለው፤ አሁን "ሻይ" ብቻ ይላል። እኔም ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ገብቼ እጠጣለሁ፤ ለጉሮሮ ደህና ነው፣ ውሸት አልናገርም።

በዘንድሮው የመቃብር ጠረጋ ቀን ከእናቴ መቃብር ስመለስ ከከተማው ግድብ ጀርባ ኳንግን አየሁት። በእኛ አገር ጥርስ ሳያወጣ የሞተ ሕፃን መቃብር አይቆምለትም፣ ስሙም በመሠዊያ ላይ አይጻፍም፤ እዚያ ከቀርከሃው ሥር ተቀብሮ ይረሳል። ኳንግ ሲኒ ይዞ ዳገቱ አፋፍ ላይ ቆሟል፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎት መውረድ አልቻለም።

አፌ አላረፈም። "አሁንም ሊንን ሻይ ልታጠጣት ነው?" አልኩት።

"ውሃ ነው" አለ። "የፈላ ውሃ። ሻዩን ትጠላው ነበር፣ ትተፋው ነበር። ማንኪያውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር።"

ለዚያ ሰው ስድብ አጥቼለት አላውቅም ነበር። ክንዱን ያዝኩትና ወረድን፤ ውሃውን ከቀርከሃው ሥር አፈሰሰው።